ገደቡን ሰኞ ዕለት አስቀምጡ

ይህ ጽሑፍ «ቁማር አትጫወቱ» የሚል አይደለም። ያንን የሚሉ ካህናት፣ ሼኾችና እናቶች አሉን፤ ሥራቸውን አልሻማም። የጻፍኩት ስዊድን ለሚኖር፣ ቅዳሜ ስትሪክቲፕሴት የሚባለውን የኳስ ኩፖን ለሚቆርጥ፣ ረቡዕ ሎቶ ለሚሞላ፣ ወይም ከሥራ መልስ ባቡር ውስጥ ስልኩን ከፍቶ አንድ ሁለት ጨዋታ ለሚያስይዝ ወገኔ ነው። እኔም የቁማር ድርጅቱ የስቨንስካ ስፔል የቆየሁ ደንበኛ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት የእንግሊዝን ጨዋታ ኩፖን ሳልይዝ ማየት አይሆንልኝም፤ ስለዚህ የምነግራችሁ ከዳር ቆሜ አይደለም።

ስለ ስቨንስካ ስፔል ሲወራ «የመንግሥት ነው፣ ችግር የለውም» የሚል ሰው አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው። ስቨንስካ ስፔል እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው በ1934 ሥራ የጀመረው ቲፕስሼንስትና ፔኒንግሎተሪየት የተባለው የሎተሪ ድርጅት ተዋህደው ነው። ባለቤቱ ሙሉ በሙሉ የስዊድን መንግሥት ነው፤ ትርፉም ወደ መንግሥት ካዝና ይገባል። ዕጣው ይወጣል፣ የበላ ሰው ገንዘቡ ይከፈለዋል፣ አጭበርብሮ የሚጠፋ የለም። በዚህ በኩል ልባችሁ ይረፍ።

ሌላው ግማሽ ግን ልብ አይባልም። ድርጅቱ የሚሸጠው ቁማር ነው፤ ብዙ ሲሸጥ ብዙ ያተርፋል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ አዲሱ የቁማር ሕግ ገበያውን ፈቃድ ላላቸው የግል ኩባንያዎች ሲከፍት፣ የመንግሥቱ ድርጅትም በዚያው ቀን የኢንተርኔት ካዚኖ ከፈተ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስፔልኢንስፔክሹነን ደግሞ በ2024 የስቨንስካ ስፔልን የስፖርትና ካዚኖ ክፍል ለደንበኞች ማድረግ የሚገባውን ጥንቃቄ አጉድሏል ብሎ የ100 ሚሊዮን ክሮነር ቅጣት ወስኖበታል። መንግሥት የራሱን ድርጅት ቀጣ ማለት ነው። እኔ ከዚህ የወሰድኩት፣ ሕጉ ለተጫዋቹ ጥሩ ጥሩ መከላከያ አዘጋጅቷል፣ ማን መቼ እንደሚያበራው ግን ለደንበኛው ተትቷል የሚለውን ነው። ከዚህ በታች የማሳያችሁም እሱን ነው፦ ምን ምን አለ፣ በምን ቅደም ተከተል ይበራል፣ የት ላይስ ቀዳዳ አለው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እዩት

ምንም ነገር ከመቀየራችሁ በፊት እስካሁን የሆነውን ተመልከቱ። አገር ቤት ብሔራዊ ሎተሪ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ዕጣ ሲሸጥ፣ ከአዟሪ እጅ ለሚገዛ ሰው ማንም ስሙን አይጽፍለትም። እዚህ ግን በኤሌክትሮኒክ መታወቂያው በባንክ-አይዲ ገብታችሁ የቆረጣችሁት ኩፖን ሁሉ በስማችሁ ተመዝግቧል። ይሄ አንዳንዱን ሰው ደስ አይለውም። ለእኔ ግን የመንግሥቱ ሥርዓት ከሰጠኝ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ሰው ራሱን ሲያታልል መዝገብ አብሮ አያታልልም።

ገጹ ላይ ወይም መተግበሪያው ውስጥ በስማችሁ ስር ግቡና ያስገባችሁትን ገንዘብና ወደ ባንክ ያወጣችሁትን ፈልጉ። የአንድ ወር ሳይሆን የዓመት እዩ። ያስገባችሁትን በሙሉ ደምሩ፣ ያወጣችሁትን ቀንሱ፤ የቀረው ጨዋታው የወሰደባችሁ ነው። መሃል ላይ የበላችሁትን አትቁጠሩ፤ ባንካችሁ ካልገባ ተመልሳችሁ ተጫውታችሁበታል። በሌሎች ኩባንያዎችም የምትጫወቱ ከሆነ የባንክ ዝርዝራችሁን አብራችሁ ክፈቱ፤ እያንዳንዱ ኩባንያ የሚያውቀው የራሱን ብቻ ነው።

ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። አብዛኛው ሰው ከ13 ጨዋታ 11 ያገኘበትን ቅዳሜ ቀኑንና ጎል አግቢውን ሳይቀር ያስታውሳል፤ ባዶ ያለፉትን ቅዳሜዎች ግን አንድ ላይ ጠቅልሎ «ለጥቂት ነው ያመለጠችኝ» ይላቸዋል። ወረቀቱ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ከዚያ ልኩን መወሰን

«ከደመወዝህ ይህን ያህል በመቶ» የሚል ቀመር ብዙ ጊዜ ይነገራል። አላምንበትም። የሁለት ሰዎች ደመወዝ እኩል ሆኖ አንዱ ሦስት ልጅና አገር ቤት የሚጠብቁት ወላጆች ይኖሩታል። የሚሻለው ከታች ጀምሮ መቀነስ ነው። ስዊድን ውስጥ ደመወዝ ብዙውን ጊዜ በ25 ይገባል። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ የወር ካርድ፣ የልጆች ወጪ፣ ዕቁብ፣ ወደ አገር ቤት የሚላክ፣ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ይነሣል። ከሚተርፈው ለመዝናኛ የምትሉትን ውሰዱ፤ ቡናውም፣ ሲኒማውም፣ ልብሱም እዚያው ውስጥ ነው። ጨዋታ የሚደርሰው ከዚህ ቁራሽ ነው። ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ለሚስትም ለባልም ለማንም ማስረዳት የማያስፈልጋችሁ ገንዘብ መሆን አለበት።

ገንዘቡ ይጠፋል ብላችሁ ውሰኑ ስል ማጋነን እንዳይመስላችሁ። ዕቁብ ውስጥ በየወሩ የጣለ ሁሉ ተራው ሲደርስ የጣለውን ያህል ያነሣል፤ ዳኛው ካልካደ በቀር የሚጎድል የለም። ስትሪክቲፕሴት ግን ከገባው ገንዘብ ለተጫዋቾች የሚመልሰው 65 በመቶውን ነው። ከ100 ክሮነር 35ቱ ኳሱ ሳይመታ ተነሥቷል። የቀረው 65 ደግሞ እኩል አይከፋፈልም፤ ጠቀም ያለው ድርሻ 13 ላገኙት ጥቂቶች ስለሚሄድ እንደ እኔና እንደናንተ ያለው ተራ ተጫዋች የሚያገኘው ከአማካዩም በታች ነው። ተፍቆ የሚታየው ትሪስ የሚመልሰው ግማሽ ገደማ ነው። ሎቶ ላይ ከ35 ቁጥሮች ሰባቱን በትክክል መምታት ከ6,724,520 አንድ ዕድል ነው። ዩሮጃክፖት ደግሞ ከ139,838,160 አንድ። ሎቶ በየሳምንቱ እየሞላ «ዘንድሮ ቤት እገዛለሁ» የሚል ሰው ካለ ቤቱን በሎቶ ሒሳብ ውስጥ አያስገባው።

ገደቡን አሁን ሙሉት

ፈቃድ ባለው የስዊድን ኩባንያ የኢንተርኔት ጨዋታ ለመጫወት የማስገቢያ ገደብ ማስቀመጥ ግዴታ ነው። ኢንሴትኒንግስግሬንስ ይሉታል፦ በቀን፣ በሳምንት፣ በወር ምን ያህል ማስገባት እንደምትችሉ። ችግሩ ብዙ ሰው ይህን ሣጥን የሚሞላው አካውንት ሲከፍት፣ ጨዋታው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ «ይሄን ነገር ቶሎ ልለፈው» እያለ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከኪራዩ የሚበልጥ ቁጥር ይጽፍበታል። ከኪራይ የሚበልጥ ገደብ ደግሞ ምንም አይገድብም።

ሰኞ ተመለሱበት። ሰኞ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሎቶ ረቡዕና ቅዳሜ ይወጣል፣ ዩሮጃክፖት ማክሰኞና ዓርብ፣ ትልልቆቹ የኳስ ጨዋታዎች በአብዛኛው ቅዳሜና እሑድ ናቸው። ሰኞ ልብ የሚሰቅል ነገር እምብዛም የለም። በ25 ዋዜማም አታድርጉት፤ ደመወዝ ሲቃረብ ሁሉም ሰው ሀብታም ይሆናል። ሦስቱንም ሣጥኖች ሙሉ። የወሩን ብቻ ሞልቶ የቀኑን ክፍት መተው የወሩን ገንዘብ በአንድ ሌሊት ለመጨረስ ለራስ ፈቃድ መስጠት ነው። በወር 600 የወሰነ ሰው የሳምንቱን 150፣ የቀኑን 100 ቢያደርግ ጥሩ ይሠራል።

አሁን የዚህን ገደብ ጠባይ እወቁ። ዝቅ ስታደርጉት ወዲያው ይሠራል። ከፍ ስታደርጉት ግን 72 ሰዓት ያስጠብቃችኋል። ዓርብ ማታ 3 ሰዓት ተበልታችሁ፣ ተናዳችሁ፣ ገደቡን እጥፍ ብታደርጉት አዲሱ ቁጥር የሚሠራው ሰኞ ማታ 3 ሰዓት ነው። ቅዳሜ አልፏል፣ እሑድ አልፏል። በሥርዓቱ ውስጥ ከሁሉም የበለጠ የምወደው ደንብ ይሄ ነው፤ አይመክርም፣ አይቆጣም፣ ዝም ብሎ ያስጠብቃል። ሰኞ ማታ አሁንም ከፍ እንዲል የምትፈልጉ ከሆነ ቢያንስ በንዴት አይደለም።

ሁለት ቀዳዳዎች ግን አሉት፤ ሁለቱንም ራሳችሁ መድፈን አለባችሁ።

አንደኛው፦ ገደቡ የሚቆጥረው ከባንክ ያስገባችሁትን እንጂ የተበላችሁትን አይደለም። የሳምንት ገደባችሁ 150 ክሮነር ነው እንበል። አንድ ቀን ቀንቷችሁ 4,000 በላችሁና ገንዘቡን እዚያው የጨዋታ ሒሳብ ላይ ተዋችሁት። በዚያው ሌሊት 4,000ውን በሙሉ ብትጫወቱበት የማስገቢያ ገደቡ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ አዲስ ገንዘብ አልገባማ። ስለዚህ የበላችሁትን በዚያው ሰዓት ወደ ባንክ አውጡ። ጨዋታው ላይ እንዲቀር ከፈለጋችሁም የሳምንቱን ልክ ብቻ ተዉ። ገንዘብ ወደ ባንክ ሲገባ መልኩ ይቀየራል፤ 4,000 ክሮነር ጨዋታ ላይ ነጥብ ይመስላል፣ ባንክ ላይ ግን የክረምት ጃኬትና ለእናት የሚላክ ነው።

ሁለተኛው፦ ገደቡ የሚሠራው ባስቀመጣችሁበት ኩባንያ ብቻ ነው። ስቨንስካ ስፔል ላይ 600 ያስቀመጠ ሰው በፈረስ ውድድሩ ድርጅት በአቴጌ ሌላ 600፣ በግል ኩባንያዎች ደግሞ ሌላ ማስገባት ይችላል። ጎረቤት ኖርዌይ ውስጥ የመንግሥቱ ኖሽክ ቲፒንግ ከ2016 ጀምሮ ማንም ደንበኛ በወር ከ20,000 ክሮነር በላይ መበላት አይችልም የሚል ጣሪያ አለው፤ ቁማሩ ከሞላ ጎደል በአንድ እጅ ስለተያዘ ይሠራላቸዋል። 20,000 ለእኔ ብዙ ነው፣ ነገር ግን ጣሪያ ነው። ስዊድን ውስጥ በሁሉም ኩባንያ ላይ አንድ ላይ የሚሠራው ኋላ የምመጣበት ራስን ማገጃ፣ ስፔልፓውስ፣ ብቻ ነው። እዚያ ላልደረሰ ሰው የሚሻለው አንድ ቦታ መርጦ ሌሎቹን አካውንቶች መዝጋት ነው። ስቨንስካ ስፔል ውስጥም ቢሆን ሎተሪው በአንድ ክፍል፣ ስፖርቱና ካዚኖው በሌላ ክፍል የሚተዳደሩ ስለሆኑ የሞላችሁት ገደብ የትኛውን እንደሚሸፍን አንብባችሁ አረጋግጡ።

ካዚኖ የሚጫወት ሰው የሰዓት ገደብም ያስቀምጥ። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ ግን ካዚኖው ጭራሽ ባይከፈት ይሻላል። የቅዳሜ ኩፖን ውጤቱን ለማወቅ ሁለት ሰዓት ያስጠብቃል፣ በመሃል ቡና ይጠጣል፣ ይወራል፣ ይሰደባል። የስልክ ካዚኖ ግን በሦስት ሴኮንድ በልቶ እንደገና ይጠይቃል።

ኩፖኑ ላይ ያለው ወጥመድ

ስትሪክቲፕሴት 13 ጨዋታዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ 1፣ ኤክስ ወይም 2። ሁሉንም አማራጭ ለመሸፈን 1,594,323 መስመር ያስፈልጋል፤ አንዱ መስመር 1 ክሮነር ነው። ማንም ያን ያህል አይጫወትም፤ የምንጫወተው ሲስተም ነው። አራት ጨዋታ ላይ ሁለት ሁለት ምልክት፣ ሁለት ጨዋታ ላይ ሦስቱንም ብታደርጉ 144 መስመር ይሆናል፣ 144 ክሮነር። እዚህ ላይ ዐይናችሁ ዘጠነኛው ጨዋታ ላይ ያርፋል። «ቶተንሃም እኮ አይታመንም» ትላላችሁ። እሱንም ሙሉ በሙሉ ልሸፍነው ብላችሁ ሁለት ጊዜ ስትነኩት ሒሳቡ 432 ሆነ። አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የተጨመረው፤ ዋጋው ግን ሦስት እጥፍ። ሁለት ሁለት ምልክት ከሆነም እጥፍ ይሆናል።

በየሳምንቱ 144 የሚጫወት ሰው በዓመት 7,488 ክሮነር ያወጣል። 432 የሚጫወተው 22,464። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ለአንድ ሰው ደርሶ መልስ የአዲስ አበባ ቲኬት ከፍሎ ይተርፋል፤ ምንጩም ያቺ አንድ ያልታመነች ጨዋታ ናት። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፦ መጀመሪያ ገንዘቡን ወስኑ፣ ከዚያ ሲስተሙን በዚያ ገንዘብ ልክ ምረጡ፣ ቡድኖቹን መጨረሻ ላይ ሙሉ። ከቡድኖቹ ከጀመራችሁ ሁልጊዜ አንድ የማይታመን ይገኛል።

በቡድን መጫወት የሚወዱም አሉ። አምስት ሆኖ 30 30 ክሮነር ማዋጣት ወጪውን ይይዛል፣ ጨዋታውንም ያደምቃል። ማን ምን ያህል እንዳዋጣ በጽሑፍ መልእክት ላይ ይቀመጥ፤ ኩፖኑም ፎቶ ተነሥቶ ኳሱ ከመጀመሩ በፊት ለሁሉም ይላክ። በ30 ክሮነር የተጀመረ ወዳጅነት በገንዘብ ሲፈርስ ማየት ደስ አይልም።

ሦስቱ ምልክቶች

ፈቃድ ያላቸው ገጾች ሦስት ምልክት እንዲያሳዩ ይጠበቅባቸዋል፦ ስፔልግሬንሰር (ገደቦች)፣ ሼልቭቴስት (ራስን መፈተሻ) እና ስፔልፓውስ (ራስን ማገጃ)። ከላይ ብዙ ጊዜ ስለሚታዩ ዐይን ይለምዳቸዋል። ፈተናውን ቢያንስ አንድ ጊዜ አድርጉት፤ ጥቂት ጥያቄዎች ናቸው። ከጥያቄዎቹ አንዱ በእኛ አነጋገር «ልታስመልስ ተጫውተህ ታውቃለህ ወይ» የሚለው ነው።

ማስመለስ የምትለዋን ልብ በሏት። ሰው 200 ሲያጣ ያመዋል፤ ያንን 200 ለማስመለስ ሌላ 500 ሲያስይዝ ግን ሕመሙን የሚያስታግስ ሥራ የጀመረ ይመስለዋል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው። እኔ ራሴ ላይ ያወጣሁት ደንብ አጭር ነው፦ «ላስመልስ» የሚል ሐሳብ ሲመጣ ያስያዝኳት ጨዋታ ለዕለቱ የመጨረሻዬ ናት። ኳሱ ቢቀጥልም ስልኩ ኪስ ይገባል።

ሌላ ነገር። ድርጅቱ አጨዋወታችሁ ሲቀየር ሊደውልላችሁ ይችላል፤ ሕጉ ደንበኞቻችሁን ተንከባከቡ ስለሚል ነው። «መንግሥት ሊሰልለኝ ነው» ብላችሁ አትዝጉት፤ ስሟቸው፣ የራሳችሁን ቁጥር ጠይቋቸው። ነገር ግን ደዋዩ በባንክ-አይዲ ግቡ፣ ኮድ ንገሩኝ፣ ገንዘብ ላስተላልፍላችሁ ካለ አጭበርባሪ ነው። ዝጉትና ራሳችሁ ከገጹ ላይ ያገኛችሁትን ቁጥር ደውሉ።

አካውንት አታውሱ

በኛ መካከል በጣም የተለመደ ነገር ነው፦ «የኔ ተዘግቷል፣ በአንተ ላይ አንዲት ኩፖን ቁረጥልኝ»። ወዳጅ ነው፣ እንቢ ማለት ይከብዳል። ግን አካውንቱ ተዘግቶ ከሆነ ምናልባት የዘጋው ራሱ ነው፤ በደህና ቀን የዘጋውን በር እናንተ በመስኮት አታስገቡት። ደግሞም ጨዋታው በእናንተ ስም ይመዘገባል፣ ከገደባችሁ ላይ ይነሣል፣ ቢበላም ገንዘቡ የሚገባው በእናንተ ስም ነው፤ ባንክ ለቤት ብድር ዝርዝራችሁን ሲያይም የሚያየው የእናንተን ስም ነው። ባንክ-አይዲ ለማንም አይሰጥም፤ ለወንድምም ቢሆን። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ደግሞ ጭራሽ። «ልጄ ኳስ ያውቃል፣ እሱ ነው የሚሞላልኝ» የሚሉ አባቶች አሉ። ልጁ ኳሱን ይተንትን፤ ስልኩን ግን አይንካ።

ልኩ ሲያልፍ

ለጨዋታ ብሎ መበደር፣ የኤስኤምኤስ ብድር መውሰድ፣ ኪራይ ማሳለፍ፣ ወደ አገር ቤት የሚላከውን «በሚቀጥለው ወር» ማለት፣ ስልክን ከባለቤት መደበቅ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ገደብ ማስተካከል አይበቃም። ስፔልፓውስ የተባለውን የመንግሥት መዝገብ ክፈቱ። የሚያስተዳድረው ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ነው፤ የትኛውም የቁማር ኩባንያ አይደለም። በባንክ-አይዲ ትገባላችሁ፣ ጊዜ ትመርጣላችሁ፣ ታረጋግጣላችሁ፤ በቃ። ምርጫው አንድ ወር፣ ሦስት ወር፣ ስድስት ወር፣ ወይም ገደብ የሌለው ነው። ፈቃድ ያላቸው ኩባንያዎች ሁሉ ምዝገባ ከሚጠይቅ ጨዋታ ያግዷችኋል፤ ማስታወቂያም በቀጥታ ሊልኩላችሁ አይፈቀድም።

የመረጣችሁትን ጊዜ ሐሳብ ቀይራችሁ መሰረዝ አትችሉም። ደውላችሁ ብታለቅሱም አይሰረዝም። ሲመርጡ ብዙዎች አንድ ወርን ይይዛሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር አይከፋም። ብድር የገባበት ሰው ግን ገደብ የሌለውን ይምረጥ። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የአንድ ወሩ እገዳ ቀኑ ሲያልቅ በራሱ ይከፈታል፣ ምናልባትም ልክ በ25። ገደብ የሌለው ግን ቢያንስ 12 ወር ይቆያል፤ ከዚያ በኋላም የሚከፈተው ራሳችሁ ገብታችሁ ስትጠይቁ ብቻ ነው። አሁን በዚህ መዝገብ ላይ ከ100,000 በላይ ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ ብቻዬን ነኝ፣ ጉድ ሆንኩ የሚያሰኝ አይደለም።

የማይሸፍነውንም እወቁ። ስዊድን ውስጥ ፈቃድ የሌላቸው የውጭ ገጾች ከመዝገቡ ውጭ ናቸው። «ስፔልፓውስ አይመለከተንም» እያሉ የሚያስተዋውቁ አሉ፤ ያንን ቃል ያያችሁበት ገጽ የሚፈልገው በትክክል ሊያቆም የሞከረውን ሰው ነው። ምዝገባ የማይጠየቅበት ጨዋታም በዚህ መዝገብ አይታገድም። አንዳንድ ባንኮች ካርዳችሁ ለቁማር እንዳይከፍል ይዘጉላችኋል፤ ጠይቁ።

ስቶድሊንየን የሚባል የእርዳታ መስመር አለ፤ ቁጥሩ 020-819 100 ነው፣ ጥሪው ነፃ ነው፣ ስም አይጠየቅም። ለተጫዋቹ ብቻ ሳይሆን ለሚስት፣ ለባል፣ ለእናት፣ ለወንድምም ያገለግላል። ቤተሰብ ሌላውን ሰው ስፔልፓውስ ላይ ማስመዝገብ አይችልም፤ ባንክ-አይዲው የባለቤቱ ነውና። ግን የጋራ የባንክ ሒሳብን መለየት፣ ዕዳ አለመክፈል፣ «ይሄን አንዴ ብቻ ሸፍንልኝ» ሲባል እንቢ ማለት ይችላል። በእኛ ባህል የመጨረሻው ከባድ ነው። ዘመድ ተሰብስቦ ዕዳ ከፍሎ ሲያበቃ ችግሩ ያበቃ ይመስላል፤ ቁማሩ ካልታገደ ግን የተከፈለው የሚቀጥለው ዙር ወጪ ነው። ከተከፈለም እገዳው ከተመዘገበ በኋላ፣ ገንዘቡም በቀጥታ ለአበዳሪው ይከፈል።

ከጃንዋሪ 2018 ጀምሮ ደግሞ ኮሙኖች (የከተማ አስተዳደሮች) የቁማር ችግር ያለበትን ሰው እንደ አልኮልና እንደ አደንዛዥ ዕፅ ችግር ሁሉ የመርዳት ግዴታ አለባቸው። ለኮሙኑ ማኅበራዊ አገልግሎት፣ ለሶሻል፣ ትደውላላችሁ፤ ከሐኪም የተጻፈ ወረቀት አያስፈልግም። ለዕዳው ደግሞ ኮሙኑ ቡድጄት ኦ ሹልድሮድጊቫሬ የሚባል የነፃ አማካሪ አለው። ዕዳ አስከፋዩ መሥሪያ ቤት ክሮኖፉግደን ደብዳቤ ከመላኩ በፊት ብትሄዱ አማራጩ ሰፊ ነው፤ ከላከ በኋላም አልመሸም፣ ያልተከፈቱትን ፖስታዎች ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ።

ስዊድንኛችሁ ለእንዲህ ያለ ነገር ካልበቃ «ያግ በሄቨር ኤን ቶልክ፣ አምሃሪስካ» በሉ፤ መሥሪያ ቤቱ አስተርጓሚ ያቀርባል፣ ክፍያውም የእናንተ አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚፈራው ገንዘቡን አይደለም፤ አስተርጓሚው ቤተ ክርስቲያን ወይም ሰርግ ላይ የሚያገኘው ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚው በስልክ እንዲሆን፣ ከሌላ ከተማ እንዲሆን፣ ስማችሁም እንዳይነገረው ጠይቁ። አስተርጓሚው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ድምፁን አውቃችሁት ካልተመቻችሁም ውይይቱ ሳይጀመር «ሌላ ሰው ይሁንልኝ» ማለት ይቻላል።